ለመዋጥ የተቸገረ ሰው ማስታመም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ በሜዲካል ዋርድ የምሠራ ነርስ ነኝ፤ እነዚህ አስታማሚዎች በየተረኛነቱ የሚጠይቁን ጥያቄዎች ናቸው።

የመዋጥ ችግር ማለት ትን ማለት አይደለም እንዴ?

ጉሮሯችን ውስጥ ሁለት መንገድ አለ። ከፊት የአየር ቧንቧ፣ ከኋላ የምግብ ቧንቧ። በምንውጥበት ቅጽበት ማንቁርታችን ወደ ላይ ብድግ ይላል፣ የአየሩ መንገድ ይዘጋል፣ ትንፋሽ ለአፍታ ይቆማል፣ ጉርሻውም ወደ ኋላ ያልፋል። ጡንቻ ሲደክም ወይም ነርቭ ሲጎዳ ይህ ሁሉ ይዘገያል። ያኔ ምግቡ የአየሩ መንገድ ሳይዘጋ ይደርሳል።

ጤነኛ ሰውም አልፎ አልፎ ትን ይለዋል። ይስላል፣ ያልፍለታል። ችግር የምንለው በየማዕዱ ሲደጋገም፣ ወይም ታማሚው መሳል እንኳ አቅቶት ዝም ሲል ነው። መዘዙ ሁለት ነው። አንዱ ወደ ሳንባ የገባው ነገር የሚያመጣው የሳንባ ምች ነው። ሌላው ርሃብና የውሃ እጥረት ነው።

ከምን ይመጣል?

እኛ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ስትሮክን ተከትሎ ነው። ስትሮክ ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለመዋጥ ይቸገራሉ። የጭንቅላት ጉዳት፣ ፓርኪንሰን፣ የመርሳት በሽታ፣ ማያስቴኒያ የሚባለው የጡንቻ መዛል በሽታም ያመጡታል። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ተኝተው የመተንፈሻ ቱቦ ጉሮሯቸው ውስጥ የቆየ ሰዎችም ቱቦው ከወጣ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ይቸገራሉ።

ሌላው ወገን የምግብ ቧንቧው ራሱ ሲጠብ ነው። ካንሰር፣ በስህተት የተጠጣ የሚያቃጥል ኬሚካል የተወው ጠባሳ፣ በጣም ያደገ እንቅርት። ነርሷ «የሚያስቸግራቸው ውሃው ነው ወይስ እንጀራው?» ብላ ብትጠይቃችሁ ሁለቱን ለመለየት ነው። ውሃው ከሆነ ብዙ ጊዜ ነገሩ የነርቭ ወይም የጡንቻ ነው። መጀመሪያ እንጀራ፣ ከሳምንታት በኋላ ገንፎ፣ በመጨረሻ ውሃ አልወርድ ካለ ግን ቧንቧው እየጠበበ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ኢንዶስኮፒ (ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጡን ማየት) ያስፈልጋል። ይህን ጉሮሮ በማሸት ለማዳን ሲሞከር ወራት ባክኖ የሚመጣ ሰው በጣም ያሳዝነኛል።

ሁለት ነገር ልጨምር። ሲዋጥ የሚያቃጥልና የሚያም ከሆነ፣ በተለይ ኤችአይቪ ባለበት ሰው፣ የጉሮሮ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት አለው። ከሳምንታት ወይም ከወራት በፊት ውሻ ነክሶት የነበረ ሰው ውሃ ሲቀርብለት ጉሮሮው የሚኮማተር ከሆነ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን ጠርጥሩ። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት፣ መነከሱንም ተናገሩ።

ቤት ውስጥ በምን እናውቃለን?

ሲበሉና ሲጠጡ፣ ወይም በልተው ብዙም ሳይቆዩ መሳል ዋናው ነው። ከምግብ በኋላ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ጉሮሮ ውስጥ ውሃ የቀረ ይመስል ይንቦቀቦቃል። ምራቅ ከአፋቸው ዳር ይዝረበረባል። ምግብ ጉንጫቸው ውስጥ ይቀራል። ድሮ በአሥር ደቂቃ ይጨርሱት የነበረው ምግብ ሰዓት ይፈጃል። ልብሳቸው እየሰፋቸው ይሄዳል። «ብርድ መታቸው» እየተባለ የሚታለፍ፣ እየተመላለሰ የሚመጣ ትኩሳትና ሳልም አለ።

አለመሳል ግን ማረጋገጫ አይደለም። ጉሮሯቸው ስሜት ያጣ ሰዎች ምግብ ወደ ሳንባቸው ሲገባ ምንም አይሰማቸውም። ከሳሉት ይልቅ የሚያሰጉን እነሱ ናቸው። ስለዚህ ጥቂት ማንኪያ ካጎረሳችሁ በኋላ «አአአ» እንዲሉ ጠይቋቸው። ድምፁ ጥርት ካለ ጥሩ ነው። ካረጠበ፣ ዓይናቸው እንባ ካቀረረ ወይም ትንፋሻቸው ከፈጠነ ማጉረሱን አቁሙና ለነርስ ንገሩ።

ሆስፒታል ስንገባ ነርሷ ለምን «ምንም እንዳታቀምሱ» አለችን?

«ከትናንት ጀምሮ ባዶ ሆዳቸውን ናቸው፣ እንዴት ጨከናችሁ!» ይሉናል። ይገባኛል። በእኛ አገር ታማሚን ሳያበሉ አጠገቡ መቀመጥ ከባድ ነው። ግን ስትሮክ የያዘው ሰው መዋጡ ሳይፈተሽ የተሰጠው አንድ ብርጭቆ ሻይ የሳንባ ምች ሊያስይዘው ይችላል።

ፍተሻው አልጋው አጠገብ የሚሠራ ነው። ታማሚው ንቁ መሆን አለበት፣ ይቀመጣል፣ አፉ ይጸዳል። ከዚያ ነርሷ በሻይ ማንኪያ ውሃ ትሰጠዋለች። ማንቁርቱ ሲነሳ ታያለች፣ ሳሉንና ድምፁን ታዳምጣለች። ጥቂት ማንኪያ በደህና ካለፈ ከብርጭቆ ታስሞክረዋለች። ከወደቀ ደግሞ በሌላ ጊዜ ይደገማል። ይህን ፍተሻ ማንም ሳያደርግ ሰዓታት ካለፉ እናንተ ራሳችሁ «መዋጣቸው ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው። በእኛ አገር የመዋጥ ሕክምና ልዩ ባለሙያዎች ጥቂት ስለሆኑ ሥራው በአብዛኛው የነርሶችና የሐኪሞች ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ግሉኮስ ተንጠልጥሏል ማለት ታማሚው እየተመገበ ነው ማለት አይደለም። ውሃና ትንሽ ስኳር ነው። በአፍ መብላት ካልተቻለ ቀኑ ሳይገፋ ስለ ቱቦ መነጋገር ያስፈልጋል።

እንዴት አድርገን እናጉርሳቸው?

መጀመሪያ ንቃታቸውን እዩ። የሚያንቀላፋ ሰው አይበላም፤ ሲነቃ ይበላል። ቀጥሎ አቀማመጥ ነው። ወንበር ላይ ቢሆን ጥሩ፣ አልጋ ላይ ከሆነ ጀርባቸውን በትራስ ደግፋችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የደከመውን ጎን ደግሞ በሌላ ትራስ ያዙት፤ አለበለዚያ በየጉርሻው ይዘማሉ። አገጫቸው ትንሽ ዝቅ ይበል። እናንተም ቁጭ በሉ። ቆማችሁ ስታጎርሱ ታማሚው ወደ እናንተ ያንጋጥጣል፤ አንጋጦ መዋጥ ደግሞ ምግቡን ወደ አየር ቧንቧ ያቀርበዋል። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ጨዋታውና ሳቁ ከምግብ በኋላ ይድረስ።

መጠኑ የሻይ ማንኪያ ነው፣ እሱም ሳይሞላ። እዚህ ላይ ከልማዳችን ጋር እንጋጫለን። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ ትልቅ ጉርሻ ደግሞ የበለጠ ፍቅር ይመስለናል። ለእነሱ ግን ፍቅሩ ማነሱ ላይ ነው። ማንኪያውን ከፊት ለፊት በዝቅታ አምጡ፣ ምላሳቸው መሃል ላይ ጫን አድርጉት፣ አንደኛው ጉንጭ ከዛለ ባልዛለው በኩል ስጡ። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡና አንገታቸውን ተመልከቱ። ማንቁርቱ ብድግ ካላለ አልተዋጠም። ብዙ ጊዜ ለአንድ ጉርሻ ሁለት ጊዜ መዋጥ ያስፈልጋቸዋል። አፋቸውን አስከፍታችሁ ባዶ መሆኑን ሳታዩ ሁለተኛውን አትስጡ።

አባቷን ስታበላ ማንኪያው የሚፈጥንባት አንዲት ልጅ ነበረች። ሁለት ጣቷን አባቷ ማንቁርት ላይ ቀስ አድርጋ እንድታሳርፍ ነገርኳት። ከጣቷ ሥር ብድግ ሲል እስኪሰማት ትጠብቃለች፣ እንደገና እስኪነሳ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ማንኪያውን ታነሳለች። ከዚያ ወዲህ ማንም «ቀስ በይ» ማለት አላስፈለገውም። ይህን ለሁሉም አስታማሚ አሳያለሁ።

«በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» እዚህ አይሠራም። የደከመ ጉሮሮ በመጨረሻው ጉርሻ ነው የሚሳሳተው። ግማሽ ሰዓት ካለፈ አቁሙና በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ስጡ። በጡጦ ወይም በሲሪንጅ አፍ ውስጥ አትጨምቁ፤ የሚገባውን መጠን መቆጣጠር አይችሉም። በስትሮ መጠጣትም ነርስ ካልፈቀደች ይቅር። በልተው ሲጨርሱ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። «ትንሽ ጋደም ይበሉ» የሚለው ርኅራኄ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው።

ምን እናብላቸው? እንጀራስ ይቻላል?

የሚፈቀደውን ደረጃ ነርሷ ወይም ሐኪሙ ይነግሯችኋል። በጥቅሉ የምንፈልገው ለስላሳ፣ እርጥብና አንድ ወጥ ምግብ ነው። «አንድ ወጥ» የምለውን ልብ በሉ። ቀጭን ፈሳሽና ቁራሽ አብረው ያሉበት ምግብ በጣም አስቸጋሪ ነው፤ ቁራሹ ሲታኘክ ፈሳሹ ቀድሞ ይወርዳል። መረቁ የበዛ ፍርፍር፣ ፓስታ ያለበት ሾርባ፣ ወተት ውስጥ የተነከረ ዳቦ እንደዚህ ናቸው። ሰው ደግሞ «ለስላሳ ነው» ብሎ የሚያመጣው እነዚህኑ ነው።

ምጥን ሽሮ ወፈር ብሎ፣ በወንፊት ያለፈ ክክ፣ የተፈጨ ድንችና ዱባ፣ አቮካዶ፣ እርጎ፣ ርጥበት ያለው የእንቁላል ፍርፍር ጥሩ ናቸው። ገንፎ ጠጠር ካለ ላንቃ ላይ ይጣበቃል፤ በወተትና በቅቤ ላላ አድርጉት። ከፎገራ የመጣ ሩዝ ቤት ካለ ፍሬው እስኪጠፋ ቀቅላችሁ ፍጩት። ፍሬው የተነጣጠለ ሩዝ ግን አፍ ውስጥ ይበተናል። እንጀራ ለሁሉም የተከለከለ አይደለም። ጠርዙና የደረቀው ይቅር፣ መሃሉ ወፍራም ሽሮ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ርሶ፣ ተፈጭቶ፣ በማንኪያ ይሰጥ። መብራት ሲጠፋ ብሌንደር ባይኖርም ወንፊትና ሹካ ይበቃሉ። ነርሷ «የተፈጨና እርጥብ» ካለች ቁራሹ ከሹካ ጥርሶች መካከል የሚያልፍ፣ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። «ለስላሳ ቁርጥራጭ» ካለች ከ1.5 ሴንቲ ሜትር አይበልጥ።

የሚቀሩት ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ደረቅ ዳቦ፣ የበሶ ዱቄት፣ ጥብስ፣ ክር ያለው ጎመን፣ እሸት በቆሎ፣ ብርቱካን ከነገለባው። ትንሽ ስለሚበሉ ደግሞ ያለችው ትንሽ ትጠንክር። ቅቤ፣ ዘይት፣ ወተት፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል ጨምሩበት።

የጣና ዓሳስ?

ዓሳ ልስልስ ያለ ፕሮቲን ነው፤ የሚያስፈራው እሾሁ ነው። አምባዛ በሥጋው መካከል የሚሰገሰጉ ጥቃቅን እሾሆች ስለሌሉት ይቀላል። ቅርፊት የሌለውን ዓሳ የማትበሉ ከሆነ ቆሮሶ በፊሌ ተገዝቶ ይቀቀል። ከዚያ በንጹሕ እጅ በጣት እየዳሰሳችሁ ፈልፍሉት፣ በወፍራም ስጎ ለውሱት። በዓይን ብቻ አትመኑ፤ እሾህ የሚገኘው በጣት ነው። የተጠበሰና የደረቀ ዓሳ አይሆንም።

ውሃ ትን እያላቸው አጥሚት ግን ይወርድላቸዋል። ለምን? ውሃውን ማወፈር ይቻላል?

ውሃ ፈጣን ነው። የዘገየ ጉሮሮ አይደርስበትም። ወፈር ያለ ፈሳሽ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ የአየሩ መንገድ እስኪዘጋ ጊዜ ይሰጣል። በሌላ አገር ለዚህ የሚሸጥ ዱቄት አለ። እኛ ጋ አጥሚት ሥራውን ይሠራል፤ በደንብ በስሎ፣ ተጣርቶ፣ እብጠት የሌለው ከሆነ። ተልባም ሲዘፈዘፍ ይልጋል፤ ገለባው ጉሮሮ ስለሚቧጥጥ ማጣራት ግድ ነው። አብሽም ያወፍራል፣ ስኳር ስለሚቀንስ ግን የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። በሶ ብጥብጥ ሲቀመጥ ውሃውና ዱቄቱ ስለሚለያይ አልመክረውም።

ውፍረቱን በግምት ሳይሆን በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ መለካት ይቻላል። የሲሪንጆች ቁመት ስለሚለያይ ነርሷ የሰጠቻችሁን ተጠቀሙ። መርፌውን አውጡ፣ መግፊያውን ነቅላችሁ ቀዳዳውን በጣት ድፈኑ፣ እስከ 10 ሙሉት፣ ጣታችሁን ለቃችሁ 10 ሰከንድ ቁጠሩና መልሳችሁ ድፈኑ። ውሃ ከሆነ ሁሉም ይወርዳል። ከ1 እስከ 4 ከቀረ በጣም ትንሽ የወፈረ ነው፣ ከ4 እስከ 8 ከቀረ መጠነኛ፣ ከ8 በላይ ከቀረ ወፍራም። አጥሚት ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር በምትሰጡበት ሙቀት ለኩት። ደግሞም አፍ የገባ ማንኪያ ወደ ሳህኑ ሲመላለስ ምራቁ አጥሚቱን ያቀጥነዋል፤ ሲጀመር ወፍራም የነበረው ሲያልቅ ውሃ ይሆናል። ለዚህ መፍትሔው ትንሽ ትንሽ በሌላ ሳህን እየቀነሱ መስጠት ነው።

የወፈረ ፈሳሽ ግን ለሁሉም ሰው መፍትሔ አይደለም። ትንታውን ይቀንሳል፤ የሳንባ ምችን ያስቀራል ለማለት ግን በቂ ማስረጃ የለም። ሰው ስለሚሰለቸውም የሚጠጣውን ይቀንሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት ይህ ቀልድ አይደለም። ሽንታቸው ከጠቆረ፣ ምላሳቸው ከደረቀ፣ መቀባዠር ከጀመሩ ውሃ አንሷቸዋል።

አፋቸውን ማጽዳት ይህን ያህል አስፈላጊ ነው?

ከምግቡ እኩል አስፈላጊ ነው። ጤነኛ ሰውም እንቅልፍ ላይ ሆኖ ትንሽ ምራቅ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አፉ የቆሸሸ ሰው ግን ከምራቁ ጋር ብዙ ጀርም ይልካል። በቱቦ የሚመገብ ሰውም አፉ መጽዳት አለበት፤ «አይበላበትም» ተብሎ ሲተው ነው የሚብሰው።

ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ ጥርስ፣ ምላስና ላንቃ ይቦረሽ። ውሃ አታብዙ፣ ተቀምጠው ወይም በጎን ተኝተው ይሁን። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ የደከመውን ጉንጭ ውስጡን እዩ፤ ሽሮ ተጠራቅሞ የምታገኙት እዚያ ነው። መፋቂያ የሚወዱ አባቶች አሉ፤ ቃጫው ተቆርጦ ስለሚቀር ለጊዜው ይቅርባቸው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው ማታ ይውጣ።

መድኃኒቱን ጨፍልቀን ብንሰጥስ?

ሳትጠይቁ አታድርጉት። ቀስ እያለ እንዲሠራ የተዘጋጀ የደም ግፊት ክኒን ሲጨፈለቅ የቀኑ መጠን ባንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ግፊታቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። የጨጓራ መድኃኒት የሆነው የኦሜፕራዞል ፍሬዎችም አይፈጩም። ፋርማሲስቱን «ሽሮፕ አለው? ይፈጫል?» በሉት። የሚፈጭ ከሆነ አንድ በአንድ፣ በአንድ ማንኪያ አቮካዶ ወይም እርጎ ይሰጥ። ክኒን በውሃ መዋጥ ለእነሱ ከሁሉ የከፋው ነው።

ጠያቂ በዛብን። ሁሉም የሚበላ ይዞ ይመጣል። ምን እናድርግ?

የዋርዳችን ትልቁ ፈተና ይኸ ነው። አስታማሚዋ ሽንት ቤት ደርሳ እስክትመለስ አንዲት አክስት ብርቱካን ፈልፍለው አጉርሰው ታገኛቸዋለች። ሰው መከልከል ደግሞ ነውር ይመስላል። ስለዚህ ከልካዩ ነርስ ትሁን። «ያለ ነርስ ፈቃድ ምንም አይቀመስ» የሚል ወረቀት ከአልጋው በላይ እንድንለጥፍላችሁ ጠይቁን። ያመጡትን በምስጋና ተቀበሉ፣ ኮመዲኖው ውስጥ አስገቡ። እጃቸው ሥራ እንዲያገኝ ደግሞ እግር ይሹ፣ ከንፈር ቅባት ይቀቡ፣ ትራስ ያስተካክሉ።

በአፍንጫ ቱቦ ይግባላቸው ተባልን። ያበቃላቸው ማለት ነው?

አይደለም። ይህ ኤንጂ ቲዩብ የምንለው፣ በአፍንጫ እስከ ጨጓራ የሚገባው ቱቦ፣ ጉሮሮው እስኪያገግም የሚያሻግር ነው። ብዙ ሰው ገብቶለት፣ ወጥቶለት፣ እንጀራውን እየበላ ነው። ብዙውን ጊዜ ለሳምንታት ይቆያል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ካለፈና መዋጥ ካልተመለሰ በሆድ በኩል ስለሚገባው ቱቦ ሐኪሙ ያነጋግራችኋል። ቱቦ ትንታን ፈጽሞ አያስቀርም፤ ምራቅና ከሆድ የሚመለስ ምግብ አሁንም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ቱቦው ጨጓራ ውስጥ መሆኑ ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት መረጋገጥ አለበት። በሆስፒታል በራጅ ወይም የጨጓራ ፈሳሽ ስቦ በመመርመሪያ ወረቀት ይታያል፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 5.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ይጀመራል። አየር ገፍቶ ሆድ ላይ ማዳመጥ ብቻውን አያስተማምንም። በቤት ደግሞ አፍንጫው ጋ የተሠመረውን ምልክት እዩ። ከተንቀሳቀሰ፣ ቱቦው አፍ ውስጥ ተጠቅልሎ ከታየ፣ ታማሚው ከሳለ ወይም ትንፋሹ ካጠረ ምንም አትስጡ።

ሲመገቡና ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ራሳቸው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ይበል። ምግቡን በሲሪንጅ አትግፉ፤ ሲሪንጁን ከፍ አድርጋችሁ በራሱ ይውረድ። በፊትና በኋላ 30 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ አሳልፉ። የቤት አጥሚት ከሆነ በጥሩ ወንፊት ይጣራ፣ ለየምግቡ አዲስ ይሠራ፤ በዚህ ሙቀት ከጠዋት እስከ ማታ ቴርሞስ ውስጥ የሚውል ወተት ያለበት አጥሚት ያሳምማል።

ከደሴት ነው የመጣነው። ቱቦው ቤት ውስጥ ቢወጣ መልሰን እንክተት?

በፍጹም። ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ከደቅ በጀልባ ተሳፍራችሁ የምትመጡ ሰዎች መንገዱ እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሳትወጡ በፊት ቱቦውን ማን እንደሚቀይርላችሁ፣ ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ይህን ይሠራ እንደሆነ ጠይቁና ስልኩን ያዙ። ሲወጣ ርሃብ ለጥቂት ሰዓት ይቻላል፤ «እስክንደርስ» ብላችሁ በአፍ አትሞክሩ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ስኳራቸው ሊወርድ ስለሚችል ወዲያው ደውሉ፣ ተነሡም። ከመውጣታችሁ በፊት በነርሷ ፊት ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ ራሳችሁ መግቡ። አይታችሁ ብቻ አትሂዱ።

ጠበልና ጾም እንዴት ይሁን?

ጠበል መረጨት፣ ግንባርና እጅ መቀባት ምንም ችግር የለውም። ዋርድ ውስጥም ቢሆን ንገሩን፣ ቦታ እናመቻቻለን። መጠጣት ግን ጠበልም ለጉሮሮ ያው ቀጭን ውሃ ስለሆነ በፍተሻው ያለፈ ሰው ብቻ፣ ተቀምጦ፣ በሻይ ማንኪያ። ተደብቆ ተኝተው ሲሰጥ ነው አደጋው። ቅዱስ ቁርባን የሚቀበሉ ከሆነ ለካህኑም ለነርሷም አስቀድማችሁ ንገሩ። እስካሁን ያነጋገርኳቸው አባቶች ሁሉ ነገሩን ተረድተው አግዘውናል።

ጾምን በተመለከተ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም፤ እስልምናም እንዲሁ። ታማሚው ራሱ «ፍስክ አልነካም» ካለ ግን አትጨቃጨቁት። የንስሐ አባቱን አነጋግሩ፣ እስከዚያው ሽሮ፣ ክክ፣ አቮካዶ፣ ድንችና የአጃ አጥሚት በዘይት አጠንክራችሁ ስጡ። ሰዓት ጠብቆ አንድ ጊዜ ብዙ መብላት ግን ለደከመ ጉሮሮ አይመችም።

ምግብ አንቋቸው ትንፋሽ ቢያጥራቸውስ?

እየሳሉ ከሆነ ይሳሉ። ሳል ከማንኛውም እርዳታ ይበልጣል። ወደ ፊት ጎንበስ አድርጓቸው እንጂ ውሃ አትስጡ፣ የማይታያችሁን ነገር ለማውጣት ጣት አትክተቱ።

መሳልም መናገርም ካቃታቸው ሰው ጥሩና ወዲያው ጀምሩ። ደረታቸውን በአንድ እጅ ደግፋችሁ ጎንበስ አድርጉ፣ በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መካከል በመዳፋችሁ ተረከዝ አምስት ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ካልወጣ ከኋላ ሆናችሁ እጃችሁን ከእምብርት በላይ፣ ከጎድን አጥንት በታች ጨብጡና አምስት ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቡ። ሁለቱን አፈራርቁ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ሆድ ሳይሆን ደረት መሃል ላይ ይሁን። ራሳቸውን ከሳቱ መሬት ላይ አስተኝታችሁ ደረት መጫን ጀምሩ። ቢተርፉም በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው። በቀጣዮቹ ቀናት ትኩሳት፣ ፈጣን ትንፋሽ ወይም የከንፈር መጥቆር ካያችሁ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ።

እንደ ድሮው መብላት ይችላሉ?

ከስትሮክ በኋላ ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሻላቸዋል። ስለዚህ ዛሬ የተከለከለ ለዘላለም የተከለከለ አይደለም፤ መዋጣቸው በየጊዜው ይፈተሽ። ፓርኪንሰንና የመርሳት በሽታ ግን በዝግታ እየባሱ ይሄዳሉ። የፓርኪንሰን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ምግቡን መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት አድርጉት፤ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። በየሳምንቱ ክብደታቸውን መዝኑ፣ የበሉትንና የሳሉበትን በደብተር ጻፉ። ለሐኪሙ «ደህና ናቸው» ከማለት ያ ደብተር ይሻለዋል።

አፋቸውን ዘግተው እምቢ ቢሉስ? በግድ እናብላ?

አይሆንም። በመጀመሪያ ለምን እንደሆነ ፈልጉ። አፋቸው ቆስሎ ይሆን? ሆዳቸው ደርቆ? ተጨንቀው? ትን ማለቱን ፈርተው? ምግቡ ሰልችቷቸውስ? ጨውና ቅመም ትንሽ ሲጨመር፣ ወይም ከዘጌ ቡና በማንኪያ ጫፍ አወፍራችሁ ስታቀምሷቸው የሚከፈት አፍ አለ።

በሽታው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የመርሳት በሽታ በጣም የጠናባቸው ሰዎች ላይ ቱቦ ማስገባት ዕድሜ እንደሚጨምር ወይም የሳንባ ምች እንደሚያስቀር አልታየም፤ ቱቦውን እንዳይነቅሉት እጃቸውን ለማሰር ደግሞ ይዳርጋል። ያኔ የሚመከረው እነሱ በፈለጉት ሰዓት፣ የሚወዱትን፣ በጥንቃቄ በእጅ ማጉረስ ነው፤ ትን ሊል እንደሚችል አውቆና ተቀብሎ። «በርሃብ ገደላችኋቸው» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ስለዚህ ውሳኔውን አንድ ልጅ ብቻውን አይሸከመው። ቤተሰቡ ከሐኪሙ ጋር አንድ ላይ ቁጭ ብሎ ይወስን፣ ታማሚው መናገር የሚችል ከሆነ ቃሉ ይቅደም፣ የተወሰነውም ካርዳቸው ላይ ይጻፍ። ሌሊት ተረኛ የምትገባው ነርስ የምታውቀው ካርዱ ላይ ያለውን ብቻ ነው።